የመጀመሪያ የአየር ጠመንጃ፦ በርሜሉ ታጥፎ የሚቀባበለውን ለመግዛት ምክር እሻለሁ

የሸለቆው_ሰው (ቨርጂኒያ) · ሚያዝያ 6

ጤና ይስጥልኝ። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን ጠያቂ ሆኜ መጥቻለሁ።

ከዋሽንግተን ዙሪያ ወጥተን ሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ ሁለት ኤከር መሬት ያለው ቤት ከገዛን ዓመት ሊሞላን ነው። ከቤቱ ጀርባ ኮረብታው ተቆርጦ አፈሩ እንደ ግድግዳ የቆመበት ቦታ አለ። የ14 ዓመት ልጄን ከስልኩ የሚያላቅቅ ነገር ስፈልግ ያንን ግድግዳ አይቼ የአየር ጠመንጃ ታሰበኝ። እኔ ራሴ ከወንጭፍ በቀር ምንም ተኩሼ አላውቅም፤ ወንጭፉም ቢሆን ማሳ ስጠብቅ ከወፍ ይልቅ የጎረቤት በሬ የመታሁበት ነው።

ፓምፕም ሆነ የጋዝ ጠርሙስ የማይፈልገውን፣ በርሜሉን አጥፈው የሚያቀባብሉትን ዓይነት መርጫለሁ። ሱቅ ሄጄ ሦስት አየሁ። አንደኛው 160 ዶላር ነው፤ የማነጣጠሪያ መነጽር አብሮት አለ፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «1,300 ጫማ በሰከንድ» ይላል። ሁለተኛው እሱኑ የሚመስል፣ በሞላ ፈንታ ጋዝ የታሸገበት ነው። ሦስተኛው ጀርመን ሠራሽ ነው፤ ትንሽ፣ መነጽር የሌለው፣ ፍጥነቱ የአንደኛውን ግማሽ የማይሞላ፣ ዋጋው ግን ከእጥፍ በላይ። ሻጩ «ፍጥነቱን አይተህ ግዛ» አለኝ። ታዲያ ቀርፋፋው የሚወደደው ለምንድን ነው?

ሃያ_ሁለት (ካልጋሪ) · ሚያዝያ 6

እንኳን ደህና መጣህ። ሻጩ ልክ ነው። ጉልበተኛው የትንሹን ሥራ ይሠራል፤ ትንሹ ግን የጉልበተኛውን አይሠራም። ባለ 5.5 ሚሊሜትሩን፣ ሃያ ሁለት የሚባለውን ውሰድ። ዛሬ ወረቀት ትመታለህ፤ ነገ ጎመንህን የሚበላ ፍጥረት ሲመጣ ትንሹን ይዘህ ቆመህ ልታየው ነው። ሁለት ጊዜ ከመግዛት አንድ ጊዜ በደንብ መግዛት ይሻላል።

ሞላ_ጠጋኝ (ኦሃዮ) · ሚያዝያ 7

ረጅም ነው፤ ረጅም የማትወዱ ዝለሉት።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መኪና ስጠግን ነው ያደግኩት። እዚህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እነዚህን ጠመንጃዎች ፈትቼ እገጥማለሁ። ስለዚህ የማወራው ከውስጣቸው ስላየሁት ነው።

በርሜሉን ወደ ታች ስታጥፈው ቱቦው ውስጥ ያለው ፒስተን ወደ ኋላ ይገፋና ሞላውን ይጨምቃል፤ አንድ ጥርስ ይዞት ይቆያል። ምላጩን ስትስብ ጥርሱ ይለቀዋል። ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ ፒስተኑ ፊቱ ያለውን አየር ጨምቆ በጠባብ ቀዳዳ ያስወጣዋል፤ እርሳሷን፣ ማለትም የአየር ጠመንጃዋን ጥይት፣ የሚገፋት ያ አየር ነው። አሁን ልብ በል። ከባዱ ብረት ወደ ፊት ሲሮጥ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲላተም ደግሞ ጠመንጃው ወደ ፊት ይነጠቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን እርሳሷ ገና ከበርሜሉ አልወጣችም። ባለ ባሩዱ ጠመንጃ የሚገፋህ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ይህኛው ወዲያና ወዲህ ያላጋሃል። ሞላው በበረታ ቁጥር ላግታውም ይበረታል። ጀማሪ ብርቱውን ገዝቶ ዒላማውን ሲስት የሚረግመው ዓይኑን ነው፤ ጥፋቱ ግን የምርጫው ነው።

ስለ ፍጥነቱ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚገኘው እርሳስ ባልሆነ፣ እጅግ በቀለለ ቅይጥ ብረት ነው። ያንኑ ጠመንጃ በተለመደው እርሳስ ብትተኩሰው ቁጥሩ በብዙ ይወርዳል። ቢደርስስ ምን ሊጠቅም? ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር፣ በእነሱ ልኬት 1,125 ጫማ ገደማ ይጓዛል። ወገቧ የቀጠነ፣ ጅራቷ ባዶ የሆነች እርሳስ የድምፅን ፍጥነት አልፋ መልሳ ስትወርድ ትንገዳገዳለች። ካርቶኑ የሚመካበት ፍጥነት ዒላማ የሚያስት ፍጥነት ነው።

ሦስተኛው፣ እንደ ገለጻህ ከሆነ፣ ቫይራውኽ የሚባለው ፋብሪካ የሚሠራው ኤችደብልዩ 30 ኤስ ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ዘመን ቢማን አር7 በሚል ስም የተሸጠው እሱው ነው። ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ ለማቀባበል አሥር ኪሎ ያህል ጉልበት ይበቃዋል። ከግማሽ ግራም ትንሽ የምትበልጥ እርሳስ በሰከንድ 185 ሜትር ያህል ይወረውራል፤ ይህ በጉልበት ሲለካ ወደ 9 ጁል ነው። ገንዘቡ የሄደው ምላጩ ላይ፣ በርሜሉ ላይና መጋጠሚያው ላይ ነው። «ሬኮርድ» የሚባለው ምላጩ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ ሁለት እርከን አለው፤ መጀመሪያ በቀላሉ ይሳባል፤ ሁለተኛው እርከን ላይ ቀጭን መስታወት እንደሚሰበር ጥርት ብሎ ይለቃል። ርካሹ ላይ ግን ምላጩን ስትስብ ሳጥን በአሸዋ ላይ እንደ መጎተት ነው።

አሥር_ሜትር (ፍራንክፈርት) · ሚያዝያ 7

በሞላ_ጠጋኝ እስማማለሁ፤ ከዚህ በኩል ደግሞ የሚጨመር አለኝ።

በሠፈሬ የተኩስ ማኅበር ውስጥ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ጀርመን ውስጥ ዕድሜው 18 የሞላ ሰው ያለ ፈቃድ የሚገዛው የአየር ጠመንጃ ከ7.5 ጁል አይበልጥም፤ ብረቱ ላይ በአምስት ማዕዘን ውስጥ የላቲኑ የ«ኤፍ» ፊደል ተቀርጾበታል። እዚህ ያለን ሰዎች ከዚያ በላይ ጉልበት ሳናይ ነው የምናድገው፤ የጎደለብን ነገር አይሰማንም። የአሥር ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር ከ1984 ጀምሮ በኦሎምፒክ አለ። የዒላማው አሥር ቁጥር የግማሽ ሚሊሜትር ነጥብ ነው። ያንን ነጥብ የሚመቱት ጠመንጃዎች ጥይታቸው የአንተ ሻጭ የሚንቀው ዓይነት ቀርፋፋ ነው። የዛሬዎቹ የውድድር ጠመንጃዎች በታመቀ አየር እንጂ በሞላ የሚሠሩ አይደሉም፤ ነገር ግን ፍጥነትና ትክክለኛነት እንደማይተዋወቁ ለማሳየት ይበቃል።

መጠኑን 4.5 ሚሊሜትር አድርገው። እርሳሱ ርካሽ ነው፤ መንገዱም ቀና ነው፤ ማለትም ርቀቱን በትንሹ ብትስት ብዙ አትወርድብህም። ወረቀት ለመምታት አናቷ ጠፍጣፋ የሆነችውን ግዛ፤ በወረቀት መብሻ እንደተበሳ ንጹሕ ቀዳዳ ትተዋለች። ከ20 ሜትር በላይ ሲሆን አናቷ ክብ የሆነችው ትሻላለች።

ደግሞም ልጁን ይዘኸው ሂድ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ አንድ ደቂቃ ይቁም። ክንዱ ከተንቀጠቀጠ ያ ጠመንጃ የእሱ አይደለም፤ ምንም ያህል ቢያምር።

ሃያ_ሁለት · ሚያዝያ 7

ወረቀት፣ ወረቀት! ሰው መሬት ገዝቶ ገጠር የገባው ወረቀት ሊበሳ ነው እንዴ? የእኔ ከ30 ሜትር ላይ ወፍራም ጣውላ ይበሳል።

ሞላ_ጠጋኝ · ሚያዝያ 7

ጣውላውን አምኜሃለሁ። ከ25 ሜትር አሥር ጥይት ስትተኩስ ግን ስፋታቸው ስንት ይሆናል?

ሃያ_ሁለት · ሚያዝያ 7

እንደ ቀኑ ነው።

አባ_ውጅግራ (ሲያትል) · ሚያዝያ 8

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን ሳነብ አመሸሁ። በእኛ ጊዜ ጠመንጃ የሚታወቀው በስሙ ነበር፤ ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ስናድር፣ ቤልጅግ። አየር የሚተነፍስ ጠመንጃ አልሰማንም። አባቴ ምንሽር ነበራቸው። «ሰደፉን ትከሻህ ውስጥ ካልቀበርከው ጉንጭህን ይነርትሃል» ይሉኝ ነበር። ዓይነቱን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ልጁን ግን ገና ከጅምሩ አጥብቆ መያዝ አስተምሩት። ጠመንጃ እንደ ፈረስ ነው፤ ልጓሙን ካላላህለት ይጥልሃል።

ሞላ_ጠጋኝ · ሚያዝያ 8

ጋሼ፣ አባትዎ ስለ ምንሽር የነገሩዎት እውነት ነው፤ ምንሽር ላይ እኔም ተጣብቄ ነው የምይዘው። ይህኛው ግን ተቃራኒ ነው። አጥብቀው ሲይዙት በየተኩሱ የእጅዎ ጥብቀት ስለሚለያይ ላግታውም ይለያያል፤ ጥይቷም በየጊዜው ሌላ ቦታ ትገባለች። ከበርሜሉ በኩል ያለው እጅ መዳፉን ዘርግቶ፣ ጣቶቹን ሳይጨብጥ፣ ጠመንጃውን እንደ እንቁላል ያስቀምጠዋል። ሰደፉ ትከሻን ይነካል እንጂ አይገፋም። ጠመንጃው እንደ ልቡ ይላጋ፤ ብቻ በየጊዜው በተመሳሳይ መንገድ ይላጋ። ፈረንጆቹ መድፍ በመንኮራኩሩ ወደ ኋላ ሲንሸራተት እያዩ «የመድፈኛ አያያዝ» ብለውታል።

አባ_ውጅግራ · ሚያዝያ 8

ጠመንጃ ሳይጨብጡ መተኮስ! እናንተ ሰዎች ዕድሜ ሰጥቶኝ ምን አሰማችሁኝ።

የሸለቆው_ሰው · ሚያዝያ 8

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ጋዝ ያለበት ከሞላው ይሻላል? ሕጉስ? ጎረቤት ፖሊስ እንዲጠራብኝ አልፈልግም። እኛን የሚመስል ሰው ጠመንጃ ይዞ ጓሮው ውስጥ ሲታይ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ጠበቃ_አይደለሁም (አሌክሳንድሪያ) · ሚያዝያ 9

ስሜ እንደሚለው ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን በዚሁ ጉዳይ ላይ አንድ ክረምት ሙሉ አንብቤያለሁ።

በፌዴራል ደረጃ የ1968ቱ የጠመንጃ ሕግ የጦር መሣሪያ የሚለው በፈንጂ ኃይል ጥይት የሚወረውረውን ነው፤ የአየር ጠመንጃ ከዚያ ውጪ ነው። ክፍለ ግዛቶች ግን እንደየራሳቸው ናቸው። ኒው ጀርሲ ለምሳሌ እንደ ማንኛውም ጠመንጃ ይቆጥረዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ አውራጃው ወይም ከተማው ሕዝብ በተጠጋጋበት አካባቢ መተኮስን ሊከለክል ይችላል፤ ሆኖም በባለቤቱ ፈቃድ በግል ይዞታ ውስጥ፣ ጥይቱ ከድንበሩ እንዳይወጣ ተገቢ ጥንቃቄ ተደርጎ የሚተኮሰውን መፍቀድ አለበት። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በአዋቂ ጥበቃ ሥር እንዲተኩስም ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ አውራጃህ ጽሕፈት ቤት ደውለህ ደንቡን በጽሑፍ ጠይቅ። ልጅህ 14 ነው ብለሃል፤ ደንቡ ባይጠይቅም አጠገቡ ቁም።

ስለ ጎረቤት የሰጋኸው ተገቢ ስጋት ነው። እኔ ኬክ ይዤ ሄጄ «ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ጋር ዒላማ እንመታለን፤ ድምፁ እንጨት እንደ መሰንጠቅ ነው፤ ኑና እዩት» አልኩ። ሽማግሌው መጥተው ሁለት ሰዓት ቆዩ። ከዚያ ወዲህ በር የሚያንኳኳው ፖሊስ ሳይሆን እሳቸው ናቸው።

ሃያ_ሁለት ስለ ጓሮ እንስሳት ላነሳው አንድ ቃል፦ አብዛኞቹ የአገሩ ወፎች በፌዴራል ሕግ የተጠበቁ ናቸው። ከአውሮፓ የመጡት የቤት ድንቢጥና ስታርሊንግ፣ እንዲሁም የከተማ እርግብ በዚያ ጥበቃ ውስጥ አይገቡም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ የማያውቅ ሰው ወደ ቅርንጫፍ አያነጣጥር።

ለንደን ያላችሁም ይህን ስለምታነቡ፦ የእናንተ ያለ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ ወሰን 12 ጫማ ፓውንድ፣ ማለትም 16 ጁል ገደማ ነው። ስኮትላንድ ግን ከ2016 ማብቂያ ጀምሮ ለዚያም ቢሆን የምስክር ወረቀት ትጠይቃለች።

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር) · ሚያዝያ 9

ወንድሜ አሜሪካ ነው። በሻንጣ ይዞልኝ ቢመጣስ?

ጠበቃ_አይደለሁም · ሚያዝያ 9

አይምጣ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ፈልገህ አንብብ፤ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ማስገባት ከባድ ነገር ነው። ቦሌ ላይ ሻንጣው ሲፈተሽ «የአየር ነው እኮ» እያለ የፒስተንና የሞላ ትምህርት ሊሰጥ የሚፈልግ ወንድም ያለህ አይመስለኝም። ፍላጎቱ ካለህ መጀመሪያ እዚያው ያለውን ፈቃድ ሰጪ አካል በአካል ሄደህ ጠይቅ።

ሞላ_ጠጋኝ · ሚያዝያ 9

ስለ ጋዙ በአጭሩ። ጋዙ ተቀባብሎ ለረጅም ሰዓት ቢቆይ አይደክምም፤ በብርድ ቀን ጠባዩ ብዙም አይለወጥም፤ እንደ ሞላ አይንቀጠቀጥም። ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድረስ እኩል ይከብዳል፤ ሲያልቅም አውጥቶ ከመጣል በቀር መፍትሔ የለውም። ሞላ ቢሰበር ሌላ ሞላ ነው፤ ከእሱ ጋር አንድ ጎሚኒ ቀይረህ ግሪስ ቀብተህ ትገጥመዋለህ። አባት ለልጁ ሊያወርሰው ከሆነ ሞላ ይሁን።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። በርሜሉ ተከፍቶ ሳለ ምላጩ ቢሳብ፣ ወይም የያዘው ጥርስ ቢከዳ፣ በርሜሉ በሞላው ጉልበት ተመልሶ ይዘጋል። እኔ የግራ አውራ ጣቴ ጥፍር እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። የሰው ጠመንጃ ልሞክር ብዬ በአንድ እጅ ከፍቼ በሌላው እርሳስ ሳስገባ ነው፤ ምላጩ ያለቀ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እርሳስ ሳስገባ ሌላው እጄ በርሜሉን ጨብጦ ይዞ ነው፤ ጣቴም ወደ ምላጩ አይጠጋም። ልጅህ ከማነጣጠር በፊት ይህን ይማር። በርሜሉ እንዲህ በሞላው ጉልበት ሲዘጋ ደግሞ ይጎብጣል፤ ጎባጣ በርሜል ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ «ማንም አልነካውም» ይለኛል።

ሌላው፦ እርሳስ ሳይገባ አትተኩስ። ፒስተኑ አየር ትራስ ካልሆነው ብረት ለብረት ይላተማል።

ሦስት_መነጽር (ዳላስ) · ሚያዝያ 10

ስሜ የመጣው ከዚሁ ነው። አብሮ በካርቶኑ የመጣው መነጽር 200 ጥይት ሳይሞላው ውስጡ ተፈቶ መስቀሉ ዘመመ። ሁለተኛ፣ ከጓደኛ የአጋዘን ጠመንጃ ላይ የተፈታ ጥሩ መነጽር ገጠምኩ። እሱ ደግሞ ለ100 ያርድ የተስተካከለ ስለነበር በአሥር ሜትር ላይ ጉም ነው የሚያሳየው፤ ወደ ፊት የሚነጥቀውን ላግታም አልለመደም፤ ሞተ። ሦስተኛው ለአየር ጠመንጃ ተብሎ የተሠራ፣ ከአሥር ሜትር በታች የሚስተካከል ነው፤ እስከ ዛሬ አለ። የሦስቱ ዋጋ ተደምሮ ከጠመንጃው በለጠ።

የሸለቆው_ሰው፣ የመጀመሪያውን ስድስት ወር በብረት ማነጣጠሪያው ተኩስ። ልጁም ቢሆን የፊትና የኋላውን ማስተካከል ከተማረ መነጽሩ በኋላ ጌጥ ይሆንለታል።

የሸለቆው_ሰው · ሚያዝያ 20

ገዛሁት። ትንሹን። ባለ 4.5 ሚሊሜትሩን። ልጄ ሱቁ ውስጥ ጉልበተኛውን አንስቶ በርሜሉን ሊያጥፍ ሲታገል ሻጩ ራሱ «ይቅር» አለ። ከሦስት ዓይነት እርሳስ አንዳንድ ቆርቆሮ ጨመርኩ። የዒላማ ሳጥኑን ከእንጨት ሠርቼ አሮጌ ልብስ ጠቅጥቄበታለሁ፤ ከኋላው ያ የአፈር ግድግዳ አለ። መነጽር ለዓይናችን መከላከያ ገዝተናል። አውራጃውም ደንቡን በኢሜይል ልኮልኛል።

የሸለቆው_ሰው · ሚያዝያ 22

እንግዲህ ችግር። የመጀመሪያዎቹ ተኩሶች ላይ ጭስ ወጣ፤ የተቃጠለ ዘይት ሸተተ፤ ልጄ «ፈነዳ» ብሎ ሸሸ። ከዚያ ጭሱ ቢቀንስም ከአሥር ሜትር አምስት ጥይት ስንተኩስ ስፋቱ የእጅ መዳፍ ያክላል። ጠመንጃውን ድንጋይ መቀመጫ ላይ ፎጣ አንጥፌ አስደግፌ ነው የምተኩሰው። ይህን ያህል ከፍዬ?

ሞላ_ጠጋኝ · ሚያዝያ 22

ተረጋጋ። ጭሱ ከፋብሪካው የቀረ ዘይት በተጨመቀ አየር ሙቀት ሲቃጠል ነው፤ የናፍጣ ሞተር የሚሠራበት መንገድ ነው። ከጥቂት ደርዘን ተኩስ በኋላ ይተወዋል። አደራህን ዘይት አትጨምርበት።

አሁን በቅደም ተከተል ሂድ። ካቻቢቴ ይዘህ ከእንጨቱ ፊት በጎንና በጎን ያሉትን ብሎኖች፣ ቀጥሎም የምላጩን ቀለበት የሚይዙትን ሞክር። ላግታው ይፈታቸዋል፤ አዲስ ጠመንጃ ላይም ላልተው ይመጣሉ። አጥብቅ፤ ግን እንጨት መሆኑን አትርሳ፣ የሲኖትራክ ጎማ አይደለም። ከዚያ ስስ ወረቀት በርሜሉ በሚታጠፍበት መጋጠሚያ ላይ አድርገህ ተኩስ፤ ወረቀቱ ከዘለለ አየር እያመለጠ ነው፤ ንገረኝ። ካልዘለለ ጠመንጃው ጤነኛ ነው።

ፎጣውን ደግሞ አንሳ። ደረቅ ነገር ላይ የተደገፈ ጠመንጃ ከድንጋዩ እየነጠረ ነው የሚተኩስልህ። መዳፍህን ዘርግተህ ድንጋዩ ላይ አስቀምጥ፤ ጠመንጃው መዳፍህ ላይ ይረፍ፤ ሁልጊዜ እዚያው ነጥብ ላይ።

አሥር_ሜትር · ሚያዝያ 22

አንድ ልጨምር። ምላጩ ከተሳበ በኋላ ጭንቅላትህን ቀና አታድርግ። መታሁ ወይስ ሳትኩ ብሎ ለማየት የሚቸኩል ሰው ጥይቷ ከበርሜል ሳትወጣ ጠመንጃውን አንቀሳቅሷል። ቀዳዳውን በማነጣጠሪያው ውስጥ እስክታይ ጠብቅ። ሦስቱንም ዓይነት እርሳስ በየተራ ሞክር፤ እያንዳንዱ በርሜል የሚወደው አለው፤ ምክንያቱን ጠይቀው የማይመልስ ነገር ነው። ስትጨርሱ ደግሞ እጃችሁን ታጠቡ፤ እርሳስ መርዝ ነው።

የሸለቆው_ሰው · ሚያዝያ 27

የፊቶቹ ሁለት ብሎኖች ግማሽ ዙር ላልተው ነበር። ወረቀቱ አልዘለለም። ፎጣውን አንስቼ መዳፌን ዘረጋሁ።

መጀመሪያ አላመንኩም። አምስቱ ጥይቶች አንዱ ሌላውን ነክተው አንድ የተቀደደ ቀዳዳ ሆኑ፤ ሩብ ዶላር ሳንቲም ይሸፍነዋል። ከሦስቱ እርሳስ የወደደው ርካሹን ነው፤ ውዱን ይበታትነዋል። ልጄ ከእኔ ይሻላል፤ ምክንያቱም ስሕተቴን አልተማረም። እናቱ ቡና እያፈላች ሳለ ጠራናትና አንድ ጊዜ ትሞክር ብለን ሰጠናት። አሥር ተኮሰች፤ ዘጠኙን ጥቁሩ ውስጥ አስገብታ ጀበናው ሊገነፍል ነው ብላ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቷን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች።

አባ_ውጅግራ · ሚያዝያ 29

የእህቴ ልጅ እዚህ አንድ እንዲህ ያለ ዕቃ አለው። ነገራችሁ አላስተኛኝ ስላለ ሄጄ ሞከርኩት። ሲያዩት መጫወቻ ነው። በአባቴ መንገድ ይዤ አሥር ተኮስኩ፤ ሦስት መታሁ። ማንም አያየኝም ብዬ መዳፌን ዘረጋሁ፤ ሰባት መታሁ። አባቴ ይህን ሳያዩ በማለፋቸው ደስ ብሎኛል።

ሃያ_ሁለት · ግንቦት 3

ሞላ_ጠጋኝ የጠየቀኝን ዛሬ ለክቼ መጣሁ። 25 ሜትር፣ አሥር ጥይት፣ መዳፍ ተዘርግቶ፦ የሲኒ ማስቀመጫ ያክላል። ተጨብጦ ሲሆን ደግሞ የእንጀራ ሰፌድ ነው፤ ልክ አልጠቅስም። ሃያኛው ላይ ክንዴ ዛለ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ካናዳ ውስጥ ጥይቱ በሰከንድ ከ152 ሜትር ካላለፈ ወይም ጉልበቱ ከ5.7 ጁል ካልበለጠ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ያንን ትንሹን ጀርመን ሠራሽ በዚያ ልክ የሚሸጡት አለ? ፈቃድ አለኝ፤ ለእኔ አይደለም፤ ለቤተሰብ ነው።

ሞላ_ጠጋኝ · ግንቦት 3

አለ። ደካማ ሞላ ገጥመው ለካናዳ የሚልኩት ነው። ሻጩን በግልጽ ጠይቀው፣ ሳጥኑ ላይ ያለውንም አንብብ። መጠኑ 4.5 ይሁን። ስምህን ግን ምን ልታደርገው ነው?

ሃያ_ሁለት · ግንቦት 3

ስሙ ይቆይ። አሮጌውን ገና አልሸጥኩትም።